የሰው መረጃ ሲተነትን የሚውል የስታቲስቲክስ መምህር ማዕረጉን በምን ያሳድግ?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ክቡራን የሙያ ባልደረቦቼ፣ በስታቲስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ በሌክቸረርነት ሳስተምር ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ከከተማው ዳር ስለምኖር ቤቴ የምደርሰው መሽቶ ሲሆን፣ የቀረችኝ ሰዓትም ከጤናና ከግብርና ትምህርት ክፍሎች በፍላሽ የሚመጣልኝን መረጃ ሳጸዳ ታልቃለች። ዐምና በመጣልኝ አንድ ፋይል ላይ ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ ገሚሱ የትውልድ ዓመትን በእኛ አቆጣጠር፣ ገሚሱ በፈረንጆቹ መዝግበውት ስለነበር፣ አንዳንዱ ሕፃን ገና ያልተወለደ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሳምንት ለፋሁበት፤ ጽሑፉ ሲታተም ግን ስሜን ያገኘሁት ምስጋናው ላይ ነው፤ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ደግሞ ምስጋና አይቆጥርም። ሦስተኛ ዲግሪ እንዳልጀምር የራሴ የምለው ርዕስ የለኝም። ይህን የሰው ሥራ ትቼ ንድፈ ሐሳብ ላይ ላተኩር ትላላችሁ?

ጡረተኛ መምህር (ሱሉልታ)፦
ወንድሜ፣ ርዕስ የለኝም እያልክ ርዕሱን ራስህ ጽፈኸዋል። የሕፃናቱ ስሕተት ቀላሉ ነው፤ ከጥናቱ ቀን በኋላ የሚወለድ ስለሌለ ራሱን ያጋልጣል። በ1985 ተወለደች ተብላ የተመዘገበች እናት ግን በሁለቱም አቆጣጠር ለመውለድ የደረሰች ናትና ማንም አይጠረጥራትም፤ ወሩ ካልተጻፈ ደግሞ የአቆጣጠሩ ልዩነት 7 ይሁን 8 ዓመት አይለይም። እያንዳንዱ መልስ በየትኛው አቆጣጠር የመጻፉን ዕድል ከመረጃ ሰብሳቢው መለያ ቁጥር ተነሥቶ መገመት፣ የግምቱንም ጥርጣሬ እስከ መጨረሻው ውጤት ይዞ መሄድ፣ በእኔ እምነት የዶክትሬት ምዕራፍ ይወጣዋል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸርም በፈረንጆች 1919 በእንግሊዙ ሮዛምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ሲቀጠር፣ የተሰጠው ሌሎች ለአሥርት ዓመታት ያከማቹትን የስንዴና የማዳበሪያ መዝገብ መመርመር ነበር። አኖቫ ብለን የምናስተምረውን የቡድኖችን አማካይ ማወዳደሪያ ዘዴ ያበጀው በዚያ ጣቢያ ሲሆን፣ ለንደን ላይ ፕሮፌሰር የሆነው ቆይቶ በ1933 ነው።

የጤና ተመራማሪ (ለገጣፎ)፦
እኔ ፍላሽ ይዘው ከሚመጡት ወገን ነኝ። የፊሸር ምሳሌ ጥሩ ቢሆንም፣ እሱ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያው ሥራ ነበር፤ ጠያቂው ግን ሲያስተምሩና ፈተና ሲያርሙ ውለው ነው። ስለዚህ ምክሬ፣ መጠይቁ ሳይባዛ፣ ገና የጥናቱ ዕቅድ ሲጻፍ ይግቡ፤ የናሙናውን መጠንና የትንተናውን ክፍል እርስዎ ይጻፉት፣ ስምዎም ከአጥኚዎቹ ጋር ሆኖ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ይቅረብ። መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የመጣ ባለሙያን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ጠጋኝ ነው የምናየው። እኔም ሥራዬን የተነተነልኝን ሰው ምስጋና ላይ አስቀምጬ አልፌ አውቃለሁ፤ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ ስሙን ለማስገባት ባላመነታሁ።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ የእናቶቹን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ፋይሉን ከፍቼ አየሁት፤ የመረጃ ሰብሳቢዎቹ መለያ ቁጥር አለ፣ የእናቶቹ የትውልድ ወር ግን አልተጠየቀም። እኅቴ፣ ስንት ገበሬ ብጠይቅ ይበቃኛል ብሎ የቀጠረኝ አንድ የግብርና ባልደረባ አለ፤ መጠይቁ ገና ስላልተባዛ ምክርሽን ከእሱ እጀምራለሁ።

ጡረተኛ መምህር፦
መልካም። ፋይሉን ለራስህ ጥናት ከመንካትህ በፊት ግን የባለቤቶቹን ፈቃድ በጽሑፍ ያዝ፤ በቃል ብቻ እንዳታልፈው።