ማታ የሚያቀዘቅዝ፣ ቀን ግን የሚደክም ኤሲ፦ ጋዝ ልሙላበት?

ጠያቂ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦
ጤና ይስጥልኝ። መኝታ ክፍሌ ውስጥ የተተከለው ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ማታ በሚገባ ያቀዘቅዛል፤ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ግን ድምፁ ይሰማል እንጂ ክፍሉ አይቀዘቅዝም። ባለሙያ ሁለት ጊዜ ጋዝ ሞልቶልኛል፤ አሁንም ይሞላ ይላል። ከሐረር ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ስለሆነ የኤሲ ልምድ የለኝም። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን ልመርምር?

መልስ (የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ፣ ከዚራ)፦
ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር በመሆኑ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ደጋግሞ መሙላትም ገንዘብ ማባከን ነው። ከልክ በላይ የተሞላ ጋዝም ውጭው ሲሞቅ ግፊቱን ከመጠን በላይ ስለሚያንረው እርስዎ የገለጹትን ድካም ያመጣል፤ እኔ ይህን በጣም እጠረጥራለሁ።

አስቀድመው ግን ኤሲው ለሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ የሚስበውንና የሚነፍሰውን አየር በቴርሞሜትር ይለኩ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ማሽኑ ደህና ነው፤ ያኔ የሚጠረጠረው ከቆርቆሮ ጣሪያው የሚወርደው ሙቀት ነው። ከዚያ ካነሰ ብሬከሩን አጥፍተው ፊልተሩን ይጠቡ፤ ውጭ ያለውንም ክፍል ይመልከቱ፤ የከተማችን አቧራ በስስ ክንፎቹ መካከል ይጋገራልና። በቀስታ በሚወርድ ውኃ ይጠቡት፤ የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል።

መልስ (ገንደ ቆሬ)፦
ባለሙያ ባልሆንም እኔን የገጠመኝ ችግር ከመብራት ነበር። 220 ቮልት መሆን የሚገባው ኃይል ከሰዓት በኋላ ቤቴ ውስጥ እስከ 185 ይወርድ ስለነበር ኮምፕረሰሩ (ጋዙን እየጨመቀ የሚያዞረው የውጭው ሞተር) ሊነሳ ሞክሮ ይጠፋል፤ የውስጡ ማራገቢያ ስለሚነፍስ ግን የሚሠራ ይመስል ነበር። ኮምፕረሰሩ በሚነሳበት ቅጽበት ቮልቴጁን ያስለኩ። የደከመ ካፓሲተርም (ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳ፣ ኃይል የሚያከማች ዕቃ) ያንኑ ምልክት ያሳያል፤ ነገር ግን መብራት ከጠፋ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ እባክዎ በእጅዎ አይንኩት።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልዩነቱ 5 ዲግሪ ነበር፤ የውጩን ክፍል ካጠብኩ በኋላ 7 ደረሰ። ቮልቴጁ ቀንም 214 ነው፤ ኮምፕረሰሩም ሳይቸገር ይነሳል።

መልስ (የጥገና ባለሙያው)፦
እንግዲያው ያለው ጋዝ በሙሉ ይውጣ፤ ቧንቧው እንደማያፈስ በናይትሮጅን ግፊት ተፈትኖ፣ አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ፣ በማሽኑ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ግራም በሚዛን ተመዝኖ ይሞላ። ያለ ሚዛን በግምት ልሙላ ለሚል ሰው አይፍቀዱ።