ኖቬላ የሚለው ስያሜ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ከረጅም ልብ ወለድ ያጠረውን፣ ከአጭሩ ግን የረዘመውን ድርሰት «ኖቬላ» ሲሉት እሰማለሁ፤ ልዩነቱ የገጽ ብዛት ብቻ ነው?

መልስ፦ ቃሉ የጣሊያንኛ ሲሆን «አዲስ ወሬ» እንደ ማለት ነው። ጣሊያናዊው ደራሲ ቦካቺዮ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «ዴካሜሮን» ውስጥ ወረርሽኝ ሸሽተው ከፍሎረንስ የወጡ 10 ወጣቶች 100 ታሪኮችን ይተርካሉ፤ ኖቬላ የተባሉት እነዚያ ናቸው። ብዙዎቹ ግን (ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል) ዛሬ አጭር ልብ ወለድ ከምንለው አይረዝሙም።

ሌላ መልስ፦ ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ እ.ኤ.አ. በ1827 የሰጠው ፍቺ ነው፤ ኖቬላን ተሰምቶ የማያውቅ፣ ነገር ግን የደረሰ ክስተት ብሎታል። በአንድ ክስተት ዙሪያ ስለሚሽከረከር ቅርንጫፍ ታሪክ አያበዛም።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። እንግዲያው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»ም በርዝመቱ ወደ ኖቬላ ሳይጠጋ አይቀርም።