እናቴን ይዤ አርንሳይድ ኖት መውጣት እችላለሁ? ጉልበቷን ያማታል

ጥያቄ፦ የማዘር ልጅ (ማንቸስተር)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ከተቀመጠች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። 66 ዓመቷ ነው። እስካሁን ያየችው ሱፐርማርኬቱንና የእኛን ሳሎን ነው። ትናንት በመስኮት እያየች «እዚህ አገር ጫካ የለም እንዴ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

የሥራ ባልደረባዬ አርንሳይድ ኖት የሚባል ቦታ ነገረችኝ። ከላንካስተር አለፍ ብሎ፣ ባሕሩ ዳር ያለ፣ ዛፍ የለበሰ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ነው። ከፍታው 159 ሜትር ብቻ ነው። «ማንም ይወጣዋል» አለችኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ማዘር ቀኝ ጉልበቷን ያማታል። ሱሪ አትለብስም፤ በቀሚስና በነጠላ ጫማ ነው የምትሄደው። ደግሞ ፍልሰታን ይዛለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አትቀምስም። ልጆቼ 9 እና 6 ዓመታቸው ነው። መኪና የለኝም። ሄዶ የሚያውቅ ካለ እውነቱን ይንገረኝ። ትችላለች ወይ?

መልስ፦ ባለ ከዘራው (ላንካስተር)

እህቴ፣ ትችላለች። እኔ በዓመት አራት አምስት ጊዜ እወጣዋለሁ። ባልደረባሽ ግን አንድ ነገር አልነገረችሽም። የዚህ ኮረብታ ችግር ከፍታው አይደለም፤ ድንጋዩ ነው።

ማዘር የኖረችው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ አየር የለመደ ሰው እዚህ ትንፋሽ አያጥረውም። እንዲያውም ከእናንተ ከሁላችሁ ቀድማ ትሄዳለች። የኖራ ድንጋይ ግን ብዙ እግር ሲረግጠው ይለሰልሳል፣ እንደ ታጠበ ሰሃን ያብለጨልጫል። በደረቁ ምንም አይልም። ዝናብ ካካፋበት ግን ሳሙና ነው። በጫካው ውስጥ ደግሞ ጥላ ስለሆነ ዝናቡ ካቆመ ከብዙ ሰዓት በኋላም እርጥብ ነው። ላይ ላዩን ቅጠል ይሸፍነዋል፤ ስትረግጪው ነው የምታውቂው። ስለዚህ ቀን ምረጪ። ከዋዜማው ጀምሮ ዝናብ የሌለበት ቀን ይሁን። ነጠላ ጫማው በፍጹም አይሆንም። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ግዢላት። ቀሚሱ ችግር የለውም፤ መሬት እንዳይጠርግ ብቻ ከፍ አድርጋ በመቀነቷ ትያዘው።

ባቡሩ ቀላል ነው። ከማንቸስተር ወደ ባሮው በቀጥታ የሚሄድ አለ፤ አርንሳይድ ላይ ይቆማል። ካልሆነ ላንካስተር ላይ ትቀይራላችሁ። ከላንካስተር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከጣቢያው ወርዳችሁ በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ መንደሩ ትገባላችሁ። ከዚያ በቤቶቹ መሃል ሽቅብ፣ ኖት የሚል ምልክት እየተከተላችሁ። ቤቶቹ ሲያልቁ ጫካው ይጀምራል። እኔ በአንድ ሰዓት እደርሳለሁ። እናንተ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ፣ አትሩጡ።

ውሃ ከታች ያዙ። ኮረብታው ላይ ምንጭ የለም። የኖራ ድንጋይ ዝናቡን በስንጥቁ ይውጠዋል። የእኛዋን ሶፍ ዑመር ዋሻ የቦረቦረው ያው ውሃ ነው። ሽንት ቤትም ላይ የለም፤ መንደሩ ውስጥ ጨርሳችሁ ውጡ።

መልስ፦ ነርሷ (ሊድስ)

ስለ ጉልበቱ ልጨምር። አቀበቱ ብዙም አይጎዳትም። ጉልበት የሚያሠቃየው ቁልቁለት ነው። ሲመለሱ ነው ጠንቀቅ ማለት።

ዱላ ያስፈልጋታል። ዱላውን ከሚያማት ጉልበት በተቃራኒ እጅ ትያዝ። ቀኟን ካመማት በግራ እጇ ማለት ነው። ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይይዘዋል፤ አይጠቅምም። ደረጃና ድንጋይ ስትወጣ ደህናው እግር ይቅደም። ስትወርድ የታመመው ይቅደም። ቤት ደረጃ ላይ ሁለት ቀን አለማምጃት።

ጾሙን በተመለከተ ፍቺ በዪያት አልልሽም፤ እናቴም እንደዚያው ናት። ግን በባዶ ሆድ አይቡፕሮፌን እንዳትሰጪያት፣ ጨጓራ ይልጣል። የእኔ ምክር፣ ጠዋት አትሂዱ። በነሐሴ ቀኑ ረጅም ነው፣ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ብርሃን አለ። ቀትር ላይ ባቡር ተሳፈሩ። ቀስ እያላችሁ ስትወጡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከላይ ትሆናላችሁ። እዚያው ቁጭ ብላ ትቅመስ። ቁልቁለቱን በልታና ጠጥታ ነው የምትወርደው፣ ዋናውም እሱ ነው። የመመለሻ ባቡሩን ሰዓት ግን አስቀድመሽ እዪ። እንደ ከተማ ባቡር በየአሥር ደቂቃው አይመጣም።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት (ፕሬስተን)

እኔ በሕፃን ጋሪ ሞክሬ ተበላሽቷል። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሥሩና ድንጋዩ ጎማ አያሳልፍም። ግማሹን መንገድ ጋሪውን እኔ፣ ልጅቷን ባለቤቴ ተሸክመን ነው የወጣነው። የእናንተ ልጆች ግን በዚህ ዕድሜ ይደሰቱበታል።

ሌላው፣ መንገዱ ይበታተናል። ጫካው ውስጥ ብዙ ቀጭን መንገዶች ይጣመራሉ፣ ሁሉም ዋናው ይመስላሉ። እኛ ሳናውቅ በደቡብ በኩል ወረድን። እዚያ ልቅ ጠጠር የሞላው ቁልቁለት አለ፤ ረገጥ ስታደርጊው ከሥርሽ ይሄዳል። እናትሽን በዚያ እንዳትወስጃት። በወጣችሁበት ተመለሱ። ካርታ ስልክሽ ላይ ቀድመሽ አውርጂ። ወረቀት ከፈለግሽ የኦርድናንስ ሰርቬይ ኤክስፕሎረር ኦኤል 7 አካባቢውን ይይዛል።

ረጅም ሱሪ ለልጆቹ፣ ካልሲው ከላይ ይጎተት። መዥገር አለ። ማታ ስታጥቢያቸው ከጉልበታቸው ጀርባና ብብታቸውን እዪ። ከያዘ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ንቀዪ። ከቀናት በኋላ የሚሰፋ ቀይ ክብ ካየሽ ለጂፒ (ለቤተሰብ ሐኪምሽ) ደውዪ።

መልስ፦ አሸዋውን የማውቅ (ባሮው)

ስለ ኮረብታው ሁሉም ተብሏል። እኔ የምፈራው ከታች ያለውን ነው። መንደሩ ፊት ለፊት ውሃው ሲሸሽ ሰፊ፣ ደረቅ፣ የሚያምር አሸዋ ይታያል። ልጅ አይቶት ዝም አይልም። እባክሽ አትልቀቂያቸው። ሞርካም ቤይ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ነው። የሚውጥ አሸዋ አለው። ውሃው ሲመለስም በፊት ብቻ አይመጣም፣ በጀርባም ይዞራል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 አንድ ማታ ቢያንስ 21 ቻይናውያን ዛጎል ለቃሚዎች እዚህ ባሕር ዳር ሰጥመዋል። ውሃው ሊገባ ሲል መንደሩ ውስጥ ሳይረን ይነፋል። ሳይረኑን ሰምቼ እወጣለሁ ማለት ግን አይሠራም፤ ቀድሞም አለመግባት ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር 999 ደውለሽ ኮስትጋርድ (የባሕር ዳር ጠባቂዎች) በዪ።

ጠያቂዋ፦ የማዘር ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጫማውን ገዛሁላት፤ «የወታደር ነው» አለች ግን አደረገችው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ታናሹ ያየውን ፍሬ ሁሉ አፉ ይከታል። የሚመርዝ አለ?

መልስ፦ ባለ ከዘራው

አለ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ዩው የሚባል ዛፍ ነው። እናትሽ ስታየው ዝግባ ነው ትላለች። ቅጠሉ በጣም ይመሳሰላል፣ ቀጭን፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ። ዝግባ ግን አይደለም። ወደ መኸር ቀይ፣ ለስላሳ ፍሬ ያወጣል። ውስጡ ያለው ዘርና ቅጠሉ መርዝ ነው። ልጁን «ቀይ አይነካም» ብለሽ አስምዪው። ጥድ ደግሞ እውነተኛው አለ። እንደኛው ወደ ላይ አይመዘዝም፣ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉን በጣቷ ፈትጋ ታሽትተው፣ ደስ ይላታል።

ከላይ ስትደርሱ ትክክለኛው አናት ላይ ቀያሾች የተከሉት ምሰሶ አለ። ቁጭ የምትሉት ግን እዚያ አይሁን። ዝቅ ብሎ፣ የተራሮቹ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ያለበት ቦታ ይሻላል። የሌክ ዲስትሪክት ተራሮች ከፊታችሁ ናቸው፣ ወንዙ ከእግራችሁ ሥር።

ጠያቂዋ፦ የማዘር ልጅ

ሄደን መጣን! ሐሙስ ነበር፣ ደረቅ ቀን። አንድ ሰዓት ከአርባ ፈጀብን። ሦስት ጊዜ አረፍን፣ ሁለቱ ለእኔ ነው።

ጫካው ውስጥ ዩው ስታገኝ ቆመች። ግንዱን በመዳፏ ዳበሰችው። «ዝግባ ነው» አለች። አይደለም አልኳት። «እሱ ነው፣ በሽምግልናው እዚህ መጥቶ ነው እንጂ» አለች። አልተከራከርኳትም። ጥዱን ፈትጋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ቤት ከደረስን በኋላም ይሸታል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰሌዳው አጠገብ ተቀመጥን። ዳቦና የሽምብራ ወጥ በቴርሞስ ይዤ ነበር። ከታች ባቡሩ በድልድዩ ላይ ሲያልፍ ልጆቹ ፉርጎ ቆጠሩ። በ1857 የተሠራ ድልድይ ነው አሉ። ውሃው በአሸዋው ላይ ሲገባ ከላይ አየነው፣ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ፣ ሰው ከሚራመደው ይፈጥናል። ማዘር ዳቦዋን ይዛ ሳትበላ ቆየች። አሸዋውን ያስጠነቀቅከን ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ቁልቁለቱ እንዳላችሁት ከበዳት። በግራ እጇ ዱላ፣ በቀኝ ትልቁ ልጄ፣ የታመመው እግር ቀድሞ። አንድ ቦታ ላይ ተቀምጣ ነው የወረደችው። በማግሥቱ ጉልበቷ ትንሽ አብጦ ነበር፣ በበረዶ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ወደ አገሯ ሳትመለስ አንዴ ልድገመው ትላለች። ቁልቁለቱ የሚቀልላት ሌላ ቦታ ታውቃላችሁ?

መልስ፦ ነርሷ

ሳምንት ታሳርፈው። እብጠቱ ሳይጠፋ እንዳትወስጃት።

መልስ፦ ባለ ከዘራው

ኢቭስ ዉድ። በዚያው መስመር አንድ ጣቢያ ቀድሞ ሲልቨርዴል ላይ ውረዱ። ያው የኖራ ድንጋይ፣ ያው ዩው፣ ከኖት ግን ዝቅ ያለ ነው። ጫፉ ላይ ፔፐርፖት የሚሉት ትንሽ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ለንግሥት ቪክቶሪያ 50ኛ የንግሥና ዓመት በ1887 የተሠራ። ከጣቢያው እስከ ጫካው መግቢያ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ ለእናንተ ሃያ አምስት ያዙት። እዚያ የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ሜዳ ታያላችሁ። ያምራል፣ ግን ስንጥቁ እግር ይሰነቅራል። ማዘር ዳሩ ላይ ትቀመጥ፣ ልጆቹን አንቺ ይዘሽ ግቢ።