ባሮክ ሉት፦ ባለ 11 ረድፍ ወይስ ባለ 13 ረድፍ?

ጥያቄ (ከደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም። ክራርና ክላሲካል ጊታር ለዓመታት ስጫወት ቆይቼ ልቤ ወደ ባሮክ ሉት (በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ይመታ ወደነበረ ባለ ክር መሣሪያ) አዘንብሏል። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ አንድ ሉት አሠርቶ ሊልክልኝ ቃል ገብቷል፤ ሠሪው ግን ቁርጡን ንገሩኝ እያለ ነው። ምርጫው ከሦስት ነው (ረድፍ የሚባለው አንድ ላይ የሚመታ ነጠላ ወይም ጥንድ ክር ነው)፦ ባለ 11 ረድፍ፣ ከመቃኛው ጎን ትንሽ ተቀጥላ ያለው ባለ 13 ረድፍ፣ ረጅም ተጨማሪ አንገት ያለው ባለ 13 ረድፍ። ከሁሉ አብልጬ የምወደው የጀርመናዊውን የሉት ደራሲ የሲልቪየስ ሊዮፖልድ ቫይስን ሥራዎች ነው። ክር የሚሸጥልኝም ሆነ የሚጠግንልኝ ሰው በቅርቤ ስለማላገኝ አስቤበት መወሰን እፈልጋለሁ።

መልስ (ከኮምቦልቻ)

ቫይስን ካሉ ጥያቄዎን በግማሽ መልሰውታል። ባለ 11 ረድፉ እነ ሻርል ሙቶንና ዣክ ጋሎ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ የጻፉለት መሣሪያ ነው፤ ሁለቱ የመጀመሪያ ረድፎች ነጠላ፣ ዘጠኙ ጥንድ ሆነው 20 ክር አለው። ቫይስም የቀደሙ ሥራዎቹን የጻፈው ለዚሁ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1710ዎቹ መጨረሻ ግን ሁለት የባስ (የወፍራም ድምፅ) ረድፎች ተጨምረው ክሮቹ 24 ደረሱ። ስለዚህ የኋለኞቹን ሶናታዎች (ባለ ብዙ ክፍል ሥራዎቹን) በባለ 11 ረድፉ ሲጫወቱ የጎደሉትን ድምፆች በአንድ ኦክታቭ (በስምንት ድምፅ እርከን) ከፍ አድርገው መተካት ግድ ይሆንብዎታል፤ ያን ጊዜ ዜማው መሠረቱ ይሳሳል።

ክራር መቺ መሆንዎ ትልቅ ስንቅ ነው። ከባቲ ወደ አምባሰል ስንሻገር ክራሩን እንደምንቃኘው ሁሉ፣ በባሮክ ሉትም የላይኞቹ ስድስት ረድፎች ፋ፣ ሬ፣ ላ፣ ፋ፣ ሬ፣ ላ ሆነው ሲቆዩ የባስ ረድፎቹ እንደሚጫወቱት ስልት ይቃኛሉ። የሚከብድዎት የጊታር ጥፍርዎን መቁረጥ ይሆናል፤ ጥፍር ከጥንዱ አንዱን ክር ይዞ ሌላውን ይስታል፣ የጣት ሥጋ ግን ሁለቱን እኩል ይነካል።

እኔ ተቀጥላ ያለውን እመርጥልዎታለሁ። የሚረዝሙት 12ኛውና 13ኛው ረድፍ ብቻ ስለሆኑ ሣጥኑ አይገዝፍም፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛ መልስ (ከሌላ የደሴ ሰው)

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ረጅም አንገት ያለው በቀላሉ መታለፍ የለበትም። በአጭር አንገት ላይ ባስ እንዲወጣ ብረት የተጠመጠመበት ወፍራም ክር ያስፈልጋል፤ በረጅሙ ላይ ግን ቀጭን ክር ጥርት ያለ ባስ ይሰጣል፣ የቫይስ የኋለኛ ዘመን ሥራዎችም በእሱ ያምራሉ። ጀርመናዊውን ደራሲ ባኽን ካሰቡ ደግሞ በሶል ማይነር በገዛ እጁ የጻፈው የሉት ስዊት (ተከታታይ የዳንስ ሙዚቃ) 14ኛ ረድፍ ስለሚጠይቅ ሁለቱም አይበቁትም።

ስለ ክር፣ የአንጀት ክር አይዘዙ። በገናዬን ይዤ ከደሴ ኮምቦልቻ ስወርድ አየሩ ሲለወጥ የበግ አንጀቱ ወዲያው ቅኝቱን ይለቃል፤ 24 ክር በዚያ መንገድ መቃኘት ትዕግሥት ይጨርሳል። ናይለን ያስደርጉ፤ ቶሎ የሚበጠሰው አንደኛው ክር ስለሆነ እሱን በብዛት ያስልኩ። ጥገናው አያሳስብዎ፤ የአንገቱ ፍሬቶች (ድምፅ የሚለዩት አግዳሚ መስመሮች) የታሰሩ እንጂ የተተከሉ ስላልሆኑ እርስዎ ራስዎ ፈትተው ያስሯቸዋል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተቀጥላ ያለው ባለ 13 ረድፍ በናይለን ክር እንዲሠራ ዛሬውኑ ለወንድሜ እጽፋለሁ።