የኡታማሮ ሥዕሎች ላይ የዮሺዋራ ሴት በምን ትለያለች?

ብርሃኔ፦
ሰላም። ሰሞኑን ሙዚየሞች ኢንተርኔት ላይ የጫኗቸውን የጃፓናዊውን ሠዓሊ የኡታማሮን የእንጨት ህትመቶች (በተቀረጸ እንጨት የታተሙ ሥዕሎች) ሳገላብጥ ከረምኩ። አንዷን የሻይ ቤት ልጅ ይሏታል፣ ሌላዋን የዮሺዋራ ሴት፤ ዮሺዋራ በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የነበረ የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ነው። መልካቸው ግን ቁርጥ አንድ ነው፤ ሞላላ ፊት፣ ሰልካካ አፍንጫ፣ ጭብጥ ያለች አፍ። በምን ለዩአቸው? ደግሞስ በእውነት የነበሩ ሴቶች ናቸው?

ወለባ፦
ፊቱን ተይውና መቀነቱን እይ። ኦቢው፣ ማለትም መቀነቱ፣ ከፊት ከታሰረ፣ ፀጉሯ ላይ ብዙ ወለባ ከተሰካ፣ አጠገቧም አንድ ዓይነት የለበሱ ሁለት ትንንሽ ልጆች ከቆሙ ትልቅ ስም ያላት የዮሺዋራ ሴት ናት። ልጆቹ ካሙሮ ይባላሉ፣ አገልጋዮቿ ናቸው።

ቀራጩ፦
ልክ ነሽ ወለባ፤ ግን ኡታማሮ ከደረት በላይ ብቻ ሲስል መቀነቱ የት ይታያል? እኔ ጽሑፉን ነው የማየው። እ.ኤ.አ. በ1793 መንግሥት ከዮሺዋራ ሴቶች በቀር የሌላ ሴት ስም ህትመት ላይ እንዳይወጣ ከለከለ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በታተመ ሥዕል ላይ ስሟ ከምትሠራበት ቤት ስም ጋር በግልጽ ከተጻፈ ብዙም አትጠራጠሪ። ኡታማሮ እንደ ኦኪታ ያሉትን የሻይ ቤት ቆነጃጅት መተው አልሆነለትም፤ ስማቸውን በሥዕል እንቆቅልሽ አድርጎ ጥግ ላይ ያኖር ጀመር። በ1796 ያም ተከለከለ። እልኸኛ ሰው!

ነበሩ ወይ ላልሽው፣ ስሙም ቤቱም እውነት ነው። ስሙ ግን የቤቱ ሀብት ነበር፤ አንዷ ስትሄድ ለተተኪዋ ይሰጥ ነበር። መልኩ ደግሞ የሠዓሊው ነው። ለእኔ እነዚህ ማስታወቂያ ናቸው። አሳታሚው ጹታያ ጁዛቡሮ እዚያው ዮሺዋራ ተወልዶ ያደገ፣ የሰፈሩን መመሪያ መጽሐፍ እያሳተመ የከበረ ነጋዴ ነበር። ሰፈሩ ከ1657ቱ ቃጠሎ በኋላ በከተማዋ ካለው ከአሳኩሳ ሰፈር በስተሰሜን ተዛውሮ በውሃ ቦይ ተከቦ ነበር፤ መውጫው አንድ በር ነበር። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው በቤተሰብ ዕዳ የተሸጡ ነበሩ። ቦዩንም ዕዳውንም ሥዕሉ ላይ አታገኚውም፤ ኪሞኖውን ነው የምታገኚው።

ብርሃኔ፦
ውይ፣ አስጠላኸኝ። ሁሉም እንዲህ ነው?

ቀራጩ፦
አንዱን ብቻ ለይቼ አስቀምጣለሁ። ወደ 1794 ገደማ የሠራው የዮሺዋራን ሙሉ ቀን በአሥራ ሁለት ሥዕል የሚያሳይ ተከታታይ አለ። «የበሬ ሰዓት» የሚለውን ፈልጊ፤ ከእኩለ ሌሊት ያለፈ ነው። እንቅልፍ ያንገላታት ሴት በአንድ እጇ ወረቀት፣ በሌላው መብራት ይዛ በእግሯ ጫማዋን ትፈልጋለች። ደንበኛ የለም፣ ፈገግታም የለም።

ወለባ፦
እሱም እኮ ማስታወቂያ ነው! ደንበኛው ተኝቶ የማያየውን ሰዓት ነው የሚሸጡለት።

ቀራጩ፦
ይሁንልሽ፤ ለገበያ ነው የተሠራው። እኔ ግን ጫማ ፍለጋዋን አምነዋለሁ። ብርሃኔ፣ ስታዪው የአንድ ሙዚየም ቅጂ አይብቃሽ። ከአበባ የሚወጣው ሰማያዊ ቀለም ብርሃን አይችልም፤ ሐምራዊውም የሚሠራው በእሱ ስለሆነ አብሮት ይጠፋል። አንዱ ቅጂ ላይ ግራጫ የሆነው ልብስ ሌላው ላይ ሐምራዊ ሆኖ ሊጠብቅሽ ይችላል።