የፖሊዮ ጠብታ ሲደጋገም ልጅ ይጎዳል?

እናት ከደሴ፦ ሰላም እናቶች፣ ቶሎ መልሱልኝ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ነኝ። ነገ ለፖሊዮ ዘመቻ ቤት ለቤት ይመጣሉ ተብሏል። ልጄ 1 ዓመት ከ4 ወሩ ነው፣ ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ወስዷል። አሁን ጉንፋን ይዞታል፣ ትንሽ ተቅማጥም አለው። አማቴ «የወሰደውን እንደገና? ይበዛበታል» ብለው ጎረቤት ይዘውት ሊሄዱ ነው። እሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም፣ ልጄም እንዲቀርበት አልፈልግም።

ነርስ ነኝ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አይበዛበትም። በመደበኛው ሲወለድ፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ጠብታ ወስዷል፤ በ14 ሳምንቱ መርፌም አለ። ከሚያዝያ 2008 ዓ.ም ወዲህ ግን መደበኛው ጠብታ የሚከላከለው ከፖሊዮ ቫይረስ ዓይነት 1ን እና 3ን ብቻ ነው። ለዓይነት 2 ያለው መርፌው ነው፣ እሱም ልጁን ሽባ ከመሆን ያድነዋል እንጂ ቫይረሱ አንጀቱ ውስጥ ተራብቶ ወደ ጎረቤት ልጅ እንዳይሻገር የማገድ አቅሙ ደካማ ነው። ዘመቻው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለዚሁ ዓይነት 2 ነው። ለእማማ ይህንኑ በእርጋታ አስረጃቸው። ጉንፋንና ቀላል ተቅማጥ አያስከለክልም። በጣም ከታመመ ግን መጀመሪያ ይታከም።

የኮምቦልቻ እናት፦ የኔዋ ወዲያው ተፋችው፣ ክትባት ሰጪዋም ደግማ ሰጠቻት። ጡትም ወዲያው አጠባኋት፣ ችግር የለውም። ብልቃጧን አሳዩኝ በያቸው፣ አያፍሩብሽም። ብልቃጧ ላይ ባለው ክብ ምልክት ውስጥ ያለችው አራት ማዕዘን ከክቡ ነጣ ካለች ክትባቱ ደህና ነው። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረች ሙቀት አበላሽቶታል፣ አይሰጥም።

የሁለት ልጆች አባት፦ አንድ ነገር ልጨምር። የክትባቱ ቫይረስ ለሳምንታት በሰገራ ይወጣል፣ ዳይፐር ስትቀይሪ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ቤት ውስጥ በሕመም ወይም በመድኃኒት የሰውነት መከላከያው በጣም የደከመ ሰው ካለ ለክትባት ሰጪዎቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ነርስ ነኝ፦ ልክ ነህ ወንድሜ። ደግሞ ማንም ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ድንገት እግሩ ወይም እጁ ከዛለ፣ ክትባት ወሰደም አልወሰደም፣ «ወድቆ ነው» ተብሎ ወጌሻ ጋር አይሂድ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ሰገራው ቶሎ መመርመር አለበት።

እናት ከደሴ፦ አላህ ይስጣችሁ። ዛሬ ጠዋት መጡ። ብልቃጧን አየሁ፣ መሃሏ ነጭ ነበረች። ልጁን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የያዙት አማቴ ናቸው። ሁለት ጠብታ ወሰደ፣ ትንሿ ጣቱ ላይ ቀለም ተቀባ። አሁን ጣቱን እየጠባ ተኝቷል፣ ተቅማጡም ቀንሶለታል።