ፍሬም ስጨምር ፔጅ ፎልት ለምን በዛ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጣሁ። የሜሞሪ ማኔጅመንት ምዕራፍ ላይ ነኝ። በደንብ እንዲገባኝ ብዬ ፊፎን፣ ማለትም ሜሞሪው ሲሞላ የቱ ፔጅ (የፕሮግራም ቁራጭ) ይውጣ የሚለውን የሚወስን ዘዴ፣ በፓይተን ራሴ ጻፍኩት። ቀድሞ የገባ ፔጅ ቀድሞ ይወጣል፣ በቃ። የሰጠሁት የፔጆች ጥሪ ቅደም ተከተል ይኸው፦

1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 1፣ 2፣ 5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5

በ3 ፍሬም (አንድ ፔጅ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) 9 ፔጅ ፎልት (የተጠራው ፔጅ ሜሞሪ ውስጥ ሲታጣ) አወጣልኝ። ፍሬሙን 4 ሳደርገው 10! ቦታ ተጨምሮለት እንዴት ይብስበታል? ወረፋውን የያዝኩበትን ሊስት ሦስት ጊዜ አፍርሼ ጻፍኩት። በወረቀትም ሠራሁት። ያው 10 ነው። የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው?

ባለ ከርነል፦
እህቴ፣ ኮድሽን አትንኪው፤ ትክክል ነው። ያገኘሽው የቤላዲ አኖማሊ የሚባለውን ነው። ላስሎ ቤላዲ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 ነው ያሳተመው።

ስሙን ማወቅ ግን አይበቃም። 5 የምትመጣበትን ቦታ ልብ ብለሽ እይ። 3 ፍሬም ሲሆን 1 እና 2 ወጥተው ገና መመለሳቸው ነው። ወረፋው ላይ አዲስ ገቢ ናቸው። 5 ስትገባ የምትወጣው 4 ናት። ቀጥሎ 1 እና 2 ሲጠሩ እዚያው ይገኛሉ።

4 ፍሬም ሲሆን 1 እና 2 ጭራሽ አልወጡም። ደግመው ተጠርተዋል፤ ፊፎ ግን ይህን አይቆጥርላቸውም። የሚያየው መቼ እንደገቡ ብቻ ነው። ስለዚህ 5 ስትመጣ ከሁሉም ቀድማ የገባችው 1 ትባረራለች። ወዲያው የምትፈለገው ማን ናት? 1! እሷን ለመመለስ 2 ትወጣለች፤ ቀጥሎ 2 ትፈለጋለች። ለ2 ሲባል 3 ትወጣለች፤ ቀጥሎ 3። እስከ መጨረሻዋ 5 ድረስ እንዲሁ ነው።

ጀማሪዋ፦
አሁን ገባኝ! እያንዳንዷ የምትባረረው ልትጠራ ስትል ነው። ኤልአርዩስ፣ ከተነካ ብዙ የቆየውን ፔጅ የሚያስወጣው ዘዴ፣ እንዲህ ያደርጋል?

ሌሊት ኮደር፦
አያደርግም። ኤልአርዩ በ3 ፍሬም የሚይዘው በቅርብ የተነኩትን 3 ፔጆች ነው፤ በ4 ደግሞ በቅርብ የተነኩትን 4። ሦስቱ ሁልጊዜ አራቱ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ፍሬም ስትጨምሪ ፎልቱ ሊበዛ አይችልም።

ግን ኤልአርዩንም ሁሌ አትመኚው። 1፣ 2፣ 3፣ 4 እየተባለ የሚዞር ሉፕ በ3 ፍሬም ስጪው። እያንዳንዱ ጥሪ ፎልት ነው፣ አንዲትም አትተርፍም። እኔ ይህን ራሴ ሞክሬ እስካይ ድረስ አላመንኩም ነበር።

በዚያ ላይ ንጹህ ኤልአርዩ ለእውነተኛ ማሽን ይከብዳል። ሜሞሪ በተነካ ቁጥር ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ማን ይችላል? ብዙ ፕሮሰሰሮች ለእያንዳንዱ ፔጅ አንድ ቢት ይይዛሉ፤ ፔጁ ሲነካ 1 ይሆናል። ክሎክ የሚባለው ዘዴ ፔጆቹን እንደ ሰዓት እጅ እየዞረ ያያል። ቢቱ 1 ከሆነ ወደ 0 መልሶ ያልፈዋል፣ 0 ካገኘ ያንን ያስወጣል። እኔ የምወደው እሱን ነው። ትንሽ ወጪ፣ ለኤልአርዩ የቀረበ ውጤት።

ጀማሪዋ፦
ኤልአርዩን አሁን ጻፍኩት። በ3 ፍሬም 10፣ በ4 ደግሞ 8። ቀነሰ! በ3 ፍሬም ግን ፊፎ በ1 በለጠው፤ ይህን ጨርሶ አልጠበቅኩም። ሉፑንም ሰጠሁት፣ እንዳልከው አንዲትም አልተረፈችም። ክሎክን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። አዲስ የገባች ፔጅ ቢቷ በ1 ይጀምራል ወይስ በ0?

ባለ ከርነል፦
በ1 ጀምሪው፤ የገባችው ተፈልጋ ስለሆነ ተነክታለች። እጁንም ካስገባሽበት ቦታ አንድ አሳልፊው። እኔ ይህን ረስቼ ገና የገባችውን ፔጅ መልሼ ሳስወጣ ነበር።